በሚኒሶታ በረዶ ዶሮ እንዴት ይከርማል?

ሚኒሶታ ውስጥ ከአራት ዶሮዎች ጋር ያሳለፍኩት የመጀመሪያው የበረዶ ወቅት ትዝ ይለኛል። ማታ ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ በሙሉ በፕላስቲክ ደፈንኩት። እኛ እኮ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት እንኳ የምንቆጣ ሰዎች ነን።

በነጋታው በሩን ስከፍት መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ጋግሯል። የኩሳቸው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። የአንዷ አናት ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጫፉ ጠቁሯል። ያጠቆረው እኔ የደፈንኩት እርጥበት ነበር።

ዶሮ ብርድን ትችላለች። የሰውነቷ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ላባዋን ስታብጠው ጋቢ እንደለበሰ ሰው ትሆናለች። እርጥበትን ግን አትችልም። ስትተነፍስም ስትኮስም እርጥበት ይወጣል። መውጫ ካጣ አናቷና ጆሮ ግንዷ ላይ ያርፍና እዚያው ይቀዘቅዛል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ ቤቱ ደረቅ ይሁን፣ ይተንፍስ።

1. ፈቃድና ዝርያ

ሚኒያፖሊስም ሴንት ፖልም ዶሮ ለማርባት ፈቃድ ይጠይቃሉ። ሌላ ከተማ ከሆናችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደውሉ። ስለ ብዛቱም፣ ስለ አውራ ዶሮም፣ ስለ ማረድም አብራችሁ ጠይቁ፤ ደንቡ ከከተማ ከተማ ይለያያል።

ዝርያ ስትመርጡ አናቷን እዩ። ነጭ ሌግሆርን እንቁላል በመጣል ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ስለሆነ ብርድ ቶሎ ይጎዳዋል። ዋያንዶት፣ ብራህማና ቻንቴክለር አናታቸው ላይ ያለው ትንሽና የተጣበቀ ነው። ቻንቴክለር እንዲያውም ካናዳ ኩቤክ ውስጥ ለዚሁ ብርድ ተብላ የተዳቀለች ናት። እኔ ለጀማሪ ዋያንዶትን እመርጣለሁ። ላባዋ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጠባይዋም ረጋ ያለ።

2. ቤቱ

ለአንድ ዶሮ ውስጡ ቢያንስ 0.4 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይኑረው። በጣም ሰፊ ቤትም ጥሩ አይደለም፤ በራሳቸው ሙቀት ሊያሞቁት አይችሉም።

ዋናው ሥራ የአየር መውጫው ነው። ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ክፈቱለት። ቆጡ ላይ ሲቀመጡ መውጫው ከጭንቅላታቸው ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። እርጥቡ አየር በላይ ይወጣል፣ ንፋሱ ግን እነሱን አይነካቸውም። ከቆጡ በታች ያለውን ስንጥቅ ግን ድፈኑት። ንፋስ ላባቸውን ከገለጠው ሙቀታቸው አብሮ ይሄዳል።

መውጫዎቹን በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ሸፍኑ። ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይሁን። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ያስቀር ይሆናል እንጂ ራኩን የሚባለውን ዶሮ በላ አውሬ አያቆምም።

ለቆጡ ክብ ዱላ አትጠቀሙ። ጠፍጣፋ ጣውላ ውሰዱና ሰፊውን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ ምቱት። ሲያርፉ ጣቶቻቸውን በሆዳቸው ላባ ይሸፍናሉ። ለእያንዳንዷ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉላት፤ ማታ ተጠጋግተው ነው የሚተኙት።

መውጫው በቂ መሆኑን ለማወቅ በማለዳ ቤቱን ክፈቱና አሽትቱ። ሽታው አፍንጫ ከሰረሰረ ወይም መስታወቱ ከውስጥ በረዶ ከያዘ የበለጠ ክፈቱት። ብርድ ቢሆንም ክፈቱት።

3. ጉዝጓዝ

ወለሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ፍቅፋቂ አንጥፉ። ደቃቅ ሰጋቱራ አቧራው ሳንባቸውን ስለሚያስቸግር ሻካራው ይሻላል። ከዚያ በየሳምንቱ አትጥረጉት። ገልብጡትና ከላይ አዲስ ጨምሩበት። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ከሥር ቀስ እያለ ሲብላላ መጠነኛ ሙቀት ይሰጣል። ጥቂት ፍሬ ከበተናችሁበት ዶሮዎቹ ራሳቸው ሲጭሩ ያገላብጡላችኋል። የረጠበ ቦታ ካያችሁ ግን ያንን ብቻ ዝቃችሁ አውጡ።

4. ውሃ

ከሁሉ አድካሚው ይሄ ነው። ውሃ ያጣች ዶሮ መብላትም ትተዋለች፣ ሳትበላ ደግሞ አትሞቅም። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የውሻ ውሃ መጠጫ ወይም የውሃ ዕቃ ማሞቂያ ግዙ። ገመዱ ለውጭ የተሠራ ይሁን። ኤሌክትሪክ ከሌለ ሁለት የጎማ ዕቃ ይኑራችሁ፤ አንዱ ውጭ ሲሆን አንዱ ቤት ይቅለጥ፤ ቢያንስ ጠዋትና ከሰዓት ቀያይሩ። ውሃውን ከቆጡ አርቁት። መድፋት ይወዳሉ፤ የተደፋ ውሃ ደግሞ ያው እርጥበት ነው።

5. መኖ

"ዶሮ ብታልም ጥሬዋን" የተባለው በዚህ ወቅት እውነት ነው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ ትበላለች፤ በብርድ ከዚያ ይበልጣል። ዋናው የእንቁላል ጣይ መኖ ይሁን፣ ፕሮቲኑ 16 በመቶ አካባቢ። ላባቸውን በሚጥሉበት በመጸው እስከ 20 በመቶ ያለው ይሻላል፣ ላባ ራሱ ፕሮቲን ነውና። ማታ ከመተኛታቸው በፊት አንድ እፍኝ የተከካ በቆሎ ስጧቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲፈጩት ይሞቃሉ። በቆሎን ቀኑን ሙሉ መስጠት ግን ያሰባቸዋል። የተፈጨ ዛጎልና መኖውን ሆዳቸው ውስጥ የሚፈጩበት ጠጠር በየዕቃቸው ይቀመጡ፤ መሬቱ በበረዶ ሲሸፈን ራሳቸው ጠጠር አያገኙም።

6. ብርሃን፣ ጾምና ገና

በታኅሣሥ መጨረሻ ሚኒያፖሊስ ላይ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዶሮ ደህና አድርጋ እንድትጥል ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። ስለዚህ ብዙዎቹ ያቆማሉ። ብዙ ሰው ወዲያው አምፖል ይሰቅላል።

እኔ ግን ለሚጾም ቤት ሌላ ሐሳብ አለኝ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። እኛ እንቁላል በማንበላበት ጊዜ እነሱም ላባቸውን ቀይረው ይረፉ። ለሰውነታቸውም ደግ ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፤ ለዶሮ ወጡ እንቁላል ከፈለጋችሁ በዲሴምበር መጀመሪያ አምፖሉን አብሩ። ውጤቱ ወዲያው አይመጣም፣ ጥቂት ሳምንታት ይፈጃል። ትንሽ ኤልኢዲ አምፖል ይበቃል። ታይመር ግጠሙለትና ከንጋት በፊት ይብራ። ማታ ላይ ከሆነ በድንገት ሲጠፋ ቆጣቸውን ሳያገኙ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ያህል እየጨመራችሁ ሂዱ።

እንቁላሉን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ሰብስቡ፤ ከቆየ ቀዝቅዞ ይሰነጠቃል። ለወጥ የምትቀቅሉትን ደግሞ ከሳምንት በፊት የተጣለውን አድርጉት። የዕለቱ እንቁላል ቅርፊቱ አልላጥ ብሎ መልኩን ያበላሸዋል።

7. የሙቀት አምፖል አትስቀሉ

ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ያ ቀዩ 250 ዋት አምፖል፣ ደረቅ ፍቅፋቂ፣ አቧራና የሚዘል ዶሮ አንድ ላይ ሲሆኑ እሳት ነው። የዶሮ ቤት ሲቃጠል ጋራዡም ቤቱም ይከተላል። ያደገችና ላባዋ የሞላ ጤነኛ ዶሮ አያስፈልጋትም። ብርድ መትቶት የአናቷ ቀይ ሥጋ ጫፉ የጠቆረባት ካለች አትሹት፣ በእሳትም አታሙቁት። ቤቱን አድርቁላትና የጠቆረውን ተዉት። ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የወፍ ጉንፋን አለ። መኖውን የዱር ወፍ በማይደርስበት አስቀምጡ። ለዶሮ ቤት ብቻ የሚሆን ጫማ ይኑራችሁ። ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ልጆቹም እንዲሁ።

8. የራሳችሁ ቤት

ያው ሕግ እዚህም ይሠራል። መስኮቱ ላይ ፕላስቲክ ለጥፉና በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ይወጠራል። ከበሩ ሥር የሚገባውን ንፋስ ዝጉ። ወጥ ሲሠራ ግን የምድጃውን አየር መሳቢያ አብሩ። መስኮቱ ካላበውና ውሃ ከወረደ ሻጋታ ይከተላል። በጣም በሚበርድ ሌሊት ቧንቧው በረዶ እንዳይሆን ከውጪው ግድግዳ ጋር ካለው መታጠቢያ ገንዳ ሥር ያለውን ቁምሳጥን ከፍታችሁ ተዉ፤ ውሃውም በቀጭኑ ይፍሰስ።

ስለ ከሰል ደግሞ። ቡና በከሰል ሲፈላ ያለውን ደስታ አውቃለሁ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ግን ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፣ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ጋራዥ ውስጥም አይሆንም። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት፣ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። በሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መኖር አለበት። ዛሬ ማታ ቁልፉን ተጫኑና ይጮህ እንደሆነ ስሙ።

9. በረዶው ሲቀልጥ

በኤፕሪል ጉዝጓዙን በሙሉ አውጡት። ወዲያው ጎመን ሥር አትጨምሩት፤ ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥሩን ያቃጥላል፣ ጀርምም አለው። ጥግ ላይ ከምሩት፣ አልፎ አልፎ አገላብጡት፣ እስኪበሰብስ ተዉት። እኔ በመጸው መሬቱ ላይ እበትነዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጎመኑን የምተክለው እዚያ ላይ ነው።