ስሌቱን እያወቁ የቃላት ፕሮብሌም (በታሪክ መልክ የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ) ለሚያቅታቸው የ5ኛ ክፍል ልጆች

«40 ሲቀነስ 15?» ስል እጁን የማያወጣ የለም። ይቺን ስሰጥ ግን አብዛኞቹ 55 ብለው ጻፉ፦ «ሳራ 40 ብር አላት። የሳራ ብር ከወንድሟ ብር በ15 ይበልጣል። ወንድሟ ስንት ብር አለው?»

መጀመሪያ የመቀነስ መልመጃ ጨመርኩ። ለውጥ የለም። ቀጥዬ «ይበልጣል ካለ ደምሩ፣ ቀረ ካለ ቀንሱ» የሚል ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ጭራሽ ባሰ። ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን ትተው አንዲት ቃል ማደን ያዙ።

በመጨረሻ ዝርዝሩን አነሳሁት። ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ያለ ቁጥር ጻፍኩት። አንዷ ጮክ ብላ አነበበች። ከዚያ ሰሌዳውን ሸፈንኩና ሌላው በራሱ ቃል ተረከው። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚናገሩትን በዚያው እንዲጀምሩ ፈቀድኩ፤ ይሄ በጣም ረድቷል። «ብዙ ብር ያለው ማነው?» አልኩ። «ሳራ!» ረጅም ሳጥን ለሳራ፣ አጭር ለወንድሟ ሳሉ። ቁጥር ያስገባነው ከዚህ በኋላ ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ሁለቱን ሳጥኖች ትኩር ብሎ አየና 55ቱን በላጲስ አጥፍቶ 25 ጻፈ። ደስ ሲል!

አሁን ከንባብ ክፍለ ጊዜ 10 ደቂቃ እየወሰድን በቀን አንድ ጥያቄ ብቻ እንሠራለን። ከአንድ በላይ ስሰጥ ትረካውን ይዘሉታል።