ኤንትሬን፣ የድሮውን የፊያት ጭነት መኪና፣ እናድን ስትሉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

ጅማ ሐዲድ አልደረሳትም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወደ ምዕራብ አልተሻገረም። በኋላ ብሔራዊ የባቡር መረብ ሲታቀድ የጅማ መስመርም በካርታው ላይ ነበር፤ መሬት ላይ ግን የለም። ስለዚህ ድሬዳዋ ስለ ሎኮሞቲቭ በምታወራበት ስሜት ጅማ የምታወራው ስለ ጭነት መኪና ነው። ቡናችንን ጭነው የጊቤን ወንዝ ከተሻገሩት መኪኖች ሁሉ ስሙ በሰው አፍ የቀረው ፊያት 682 ነው፤ እኛ ኤንትሬ የምንለው።

ፊያት ይህን መኪና መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ያቆመው በ1988። ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር አለው፣ እድሜውም ረጅም ነው። የአባቱን ኤንትሬ ከግቢ ጥግ አውጥቶ ላድሰው የሚል ሰው ሲመጣ በጣም ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝ ጉጉቱ ነው። ዝናብ ሃያ ዓመት ያላበላሸውን መኪና አንድ የቸኮለ ቅዳሜ ሊገድለው ይችላል።

ባትሪ አስሮ ወዲያው ማስነሳት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የድምፁን ነገር ነው የሚፈልገው። ባትሪ ይመጣል፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይመታል፣ ሕዝብ ይሰበሰባል።

ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ ምን እንዳለ ከውጭ አይታይም። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ክዳን በሌለው የጭስ ማውጫ ውሃ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክዳን ሥር ያለው ማሸጊያ) በስብሶ የራዲያተሩ ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ በኃይል ሲወጣ ውሃው እምቢ ይለዋል፣ ያኔ የሚታጠፈው ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው ነው። አንድ ጊዜ ከታጠፈ ደግሞ ለዚህ ሞተር ምትክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ናፍጣ ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ፍቱ። በየቀዳዳው ትንሽ ዘይት አፍስሱና ለጥቂት ቀናት ተዉት፤ የተጣበቀው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይላላል። ከዚያ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። እምቢ ካለ አታስገድዱት፣ ጨምራችሁ ጠብቁ። ውሃ ካለ በቀዳዳው ይወጣል። የድሮውን ዘይት ቀይሩ። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ዘይቱ እስከ ላይ መድረሱን አረጋግጡ፣ ኩሽኔታዎቹ ደርቀው እንዳይዞሩ።

የናፍጣ ፓምፓውም አለ። ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆመ ፓምፓ ውስጡ ተጣብቆ ናፍጣውን ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር ሲነሳ አብዶ ይነሳል፤ ዙሩ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይበታትናል። ናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም፣ ቁልፍ ስለዘጋችሁ አይቆምም። የሚያቆመው ናፍጣውን ወይም አየሩን መዝጋት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሱ አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን አፍ የሚሸፍን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም። ጨርቅ አይሆንም፣ ይሳባል። እጅማ በፍጹም።

በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ማሞቅ

ብዙ ሰው ይህን እንደ እንክብካቤ ያየዋል። ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ ይመጣል። በአምስት ደቂቃ ሞተሩ ሙቀቱ ላይ አይደርስም። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል፤ የውሃ ትነቱም እዚያው ይቀራል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ብረቱ ይዝጋል።

የሎኮሞቲቭ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ትልቅ የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ለብዙ ሰዓት ሲዞር ያልተቃጠለ ናፍጣና ዘይት በጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀማል፤ በኋላ ጭነት ሲገጥመው ጥቁር እያስተፋ፣ አንዳንዴም እሳት እያስነሳ ይወጣል። ሞተሩ የተሠራው ለሥራ ነው። አልፎ አልፎ አስነሱት፣ ስታስነሱት ግን እስኪሞቅ ድረስ ንዱት። ከጅማ ወጣ ብላ እስካለችው ሰርቦ ደርሶ መመለስ በግቢ ውስጥ ከሚደረግ ሃያ ማስነሳት ይሻለዋል። መንዳት ካልተቻለ ደግሞ በትክክል አሽጎ ማቆም ይበልጣል።

ናፍጣና ውሃውን መርሳት

ይህ አጭር ነው። ግማሹ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ (የናፍጣ ማጠራቀሚያ) በሌሊቱ ቅዝቃዜ ውስጡ ላብ ያወጣል። ውሃው ከታች ይተኛል፣ በውሃውና በናፍጣው መካከል ጥቁር ዝቃጭ ይራባል፣ ፊልትሮው ይደፈናል። በየጊዜው ከሥሩ አውጡ። ራዲያተር ውስጥ ደግሞ የወንዝ ውሃ አትጨምሩ፤ ንጹሕ ውሃ ከዝገት መከላከያ ጋር ተጠቀሙ።

እስኪያብረቀርቅ መቀባት

እዚህ ላይ ከብዙ ጎበዝ ቀቢዎች ጋር አልስማማም። ጋቢናው ይፋቃል፣ ስቱኮ ይለጠፋል፣ አንቲሩጂን (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይነፋል፣ ከላይ አዲስ ቀለም። መኪናው ያምራል። የሠራበት ዘመን ግን አብሮ ተፍቋል።

በሩ ላይ በእጅ የተጻፈው የባለቤት ስምና የጭነት ልክ፣ ግንባሩ ላይ የተጻፈው ጥቅስ፣ ረዳቱ ተንጠልጥሎ የሚይዘው ብረት ላይ ያለው መላላጥ፣ ጆንያ የፈተገው የካሶኒው (የጭነት ሣጥኑ) ጣውላ፤ መኪናው ምን ይሠራ እንደነበር የሚነግረን ይህ ነው። ፋብሪካ የወጣበትን መልክ ፎቶ ላይ እናገኘዋለን። ጀንፈል ሲጭን የኖረውን መልክ ግን ከዚህ መኪና በቀር የሚያሳየን የለም። ዝገቱ ላሜራውን እየበላ ከሆነ የተበላውን ብቻ ጠግኑ፤ የቀረውን አጥባችሁ በቀለም የለሽ መከላከያ ሸፍኑት። መቀባት ግድ ከሆነ ጽሑፉን መጀመሪያ ከፊት ለፊት ፎቶ አንሱ፣ መጠኑን ለኩ፣ ትንሽ የድሮ ቀለም ሳይነካ አስቀሩ።

የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፣ የድሮ የፍሬን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ። በደረቁ አትፈግፍጉ፣ የፍሬኑን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ። አርጥቡና ጥረጉ። የሚረዷችሁ ልጆች ሳንባ ከመኪናው ይበልጣል።

መሪውን ከቀኝ ወደ ግራ ጎን ማዛወር

የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ይህ የተደረገው ሾፌሩ በተራራ መንገድ የጠርዙን ነገር በዓይኑ እንዲያይ ነው። አገራችን በግራ ከመንዳት በቀኝ ወደ መንዳት የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርድ የኤንትሬ ሾፌር ከጥጉ ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ለመቅደም ሲፈልግ ግን በግራ በኩል ያለው ረዳቱ ዓይን ይሆነዋል። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ያለው በዚያ መሪ ውስጥ ነው። ለዕለት ሥራ የተዞረ መሪ ይገባኛል። ለማቆየት ብሎ ማዞር ግን ለማቆየት የተነሳንበትን ነገር ማጥፋት ነው።

ላስቲክ አልብሶ ሜዳ ላይ ማቆም

የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃዎች ያቆየው ጣሪያ ስላለው ነው። መኪናም ሎኮሞቲቭም የተለየ አይደለም። አደባባይ ላይ ወይም በር ላይ ለጌጥ የቆመ ማሽን ከታች ጀምሮ ይበሰብሳል። ብረቱ ላይ የተጣበቀ ላስቲክ ደግሞ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፣ ዝናቡ ይሻለው ነበር። ከባሕር ዛፍ ምሰሶና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ይበቃል። ሻንሲውን በግንድ ደግፋችሁ ከጎማው ላይ ክብደቱን አንሱለት።

የወለቀውን ዕቃ ለቁራሌው መስጠት

የማይሠራ ዕቃም ናሙና ነው። የድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ መለዋወጫ ከውጭ ባልመጣ ጊዜ ራሱ በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) እየቀረጸ ሎኮሞቲቮቹን አቆይቷል። ቀራጭ ግን የሚያየው አሮጌ ዕቃ ይፈልጋል። ከየት እንደወለቀ ጽፋችሁ፣ ዘይት ቀብታችሁ ሣጥን ውስጥ አስቀምጡ።

ሊብሬውን ይዞ ሾፌሩን መርሳት

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን በፍሌክስ (በብረት መፋቂያ ማሽን) ከመነካቱ በፊት መዝግቡ። ሊብሬውን፣ የጭነት ደረሰኙን፣ ፎቶውን አንድ ላይ አድርጉ። ከዚያ በላይ የሚያስቸኩለው ግን አባባ ሾፌሩ ናቸው። ረዳት የነበሩትም ዛሬ ሸምግለዋል። ስልካችሁን ከፍታችሁ ጠይቋቸው፤ አሰንዳቦ ላይ ጭቃ ሲይዛችሁ ምን ታደርጉ ነበር? ወደ ጊቤ ስትወርዱ በስንተኛ ማርሽ? ፍሬን ሲሞቅስ? ስንት ኩንታል ጫናችሁ፣ በወረቀቱ ስንት ተጻፈ? የትኛው ብሎን ቶሎ ይላላ ነበር? የመጨረሻውን ጥያቄ መካኒካችሁ አጠገባቸው ተቀምጦ ይስማው። ነገ ቁልፉን ይዞ የሚጀምረው ከዚያ ብሎን ነው።