ኢሜይልዎን ለማያውቁት አስተዋዋቂ ከሰጡ በኋላ፦ ችግርና መፍትሄ

ከማያውቋቸው ላኪዎች መልእክት ይጎርፋል

«ገጽዎን በነጻ እናስተዋውቃለን» ያለዎት አገልግሎት አድራሻዎን ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል፤ ምናልባትም ሸጦታል። ነጻ በተባለ አገልግሎት ብዙ ጊዜ ለገበያ የሚቀርበው አድራሻው ራሱ ነው።

የወጣውን አድራሻ መመለስ አይቻልም፤ ለቀጣዩ ግን ወጥመድ ማስቀመጥ ይቻላል። ጂሜይል የሚጠቀሙ ከሆነ ከ@ በፊት ባለው መጠሪያዎ ላይ የመደመር ምልክትና አንድ ቃል ያክሉ፤ መልእክቱ እዚያው የተለመደው ሳጥንዎ ውስጥ ይገባል። እኔ ለአንዱ እንዲህ ሰጥቼው ሁለት ወር ሳይሞላ የብድር ማስታወቂያ ደረሰኝ። ተቀባዩ በሚጻፍበት መስመር ላይ ለእሱ ብቻ የሰጠሁት ቃል ቁጭ ብሏል፤ ሻጩን ለመለየት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሆኖም ከመደመር ምልክቱ ጀምሮ ያለውን ቆርጦ መጣል ለማንም ቀላል ስለሆነ፣ ዘዴው ለመከታተል እንጂ ለመደበቅ አይበጅም። መደበቅ ከፈለጉ የአፕል «ኢሜይሌን ደብቅ» ወይም ፋየርፎክስ ሪሌይ የሚሰጠውን፣ መልእክቱን ወደ ሳጥንዎ የሚያስተላልፍ ተለዋጭ አድራሻ ይጠቀሙ። ሲያስቸግር ይዘጉታል፣ በቃ።

ከዝርዝሩ ልውጣ ባሉ ቁጥር መልእክቱ ይብሳል

የተጫኑት ማስፈንጠሪያ «ይህን አድራሻ የሚያነብ ሰው አለ» ብሎ አሳብቆብዎታል። ወደውና ፈቅደው የተመዘገቡበት ከሆነ ጂሜይል ራሱ ከላኪው ስም አጠገብ በሚያሳየው ቁልፍ ይውጡ፤ ጂሜይልና ያሁ ከ2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ማስታወቂያ በብዛት የሚልኩ ሁሉ በአንድ ጠቅታ እንዲያሰናብቱ ያስገድዳሉ። የማያውቁትን ግን አይፈለጌ ብለው ምልክት ያድርጉበትና ይለፉት። ምስሎች በራሳቸው እንዳይከፈቱም ያድርጉ፤ ለዓይን የማትታይ አንዲት ነጥብ መልእክቱን መክፈትዎን ለላኪው ልትነግር ትችላለች።

በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶ የሚቆጠር የምዝገባ ማረጋገጫ ይደርስዎታል

ይህ ማስታወቂያ አይደለም፤ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። አንድ ሰው በአድራሻዎ በየቦታው የሚመዘግብዎ ብዙ ጊዜ አንዲት መልእክት እንዳያዩ ነው፦ ከባንክ የመጣች ማስጠንቀቂያ፣ ያላዘዙት ዕቃ ደረሰኝ ወይም የይለፍ ቃል መቀየሩን የምትገልጽ ማስታወሻ። ስለዚህ ተናደው ሁሉንም በጅምላ አይሰርዙ። በመፈለጊያው የባንክዎንና የሚገዙባቸውን መደብሮች ስም እየጻፉ ያጣሩ፤ ካገኙ ወዲያውኑ ለባንኩ ይደውሉ። ቀጥሎ የኢሜይልዎን የይለፍ ቃል ቀይረው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ። ከዚያ የኢሜይሉን ቅንብር ከፍተው መልእክትዎን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ወይም የባንክ መልእክትን በስውር የሚሰርዝ ማጣሪያ ተተክሎ እንደሆነ ይመልከቱ። የይለፍ ቃል ቢቀየርም እንዲህ ያለው ማጣሪያ ሥራውን አያቆምም።

ያልላኩት መልእክት «አልደረሰም» ተብሎ ይመለስልዎታል

የተላኩ መልእክቶች ማኅደር ውስጥ ከሌለ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ስምዎን በላኪነት ጽፎ እየነገደበት ነው፤ እንዲህ ከሆነ መለያዎ አልተነካም። ካለ ግን ተሰብሯል፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ያድርጉ። አስተዋዋቂው «በጉግል ይግቡ» ብሎዎት ከነበረም በጉግል መለያዎ የደህንነት ገጽ ላይ የሰጡትን ፈቃድ ይሰርዙ።