ላሊበላ ስትመጡ እነዚህን ተዉልኝ

«ቅዱስ ጂኦሜትሪ» የሚባለውን፣ ቅርጽና ቁጥር መንፈሳዊ ምስጢር ይዟል የሚለውን ሐሳብ፣ ከቪዲዮ ተምሮ ላሊበላ የሚመጣ እንግዳ በዝቷል። ጉጉታችሁ ደስ ይለኛል። አስጎብኚ ነኝና ግን አንዳንዱ ነገር ሰልችቶኛል።

ዋናው የጎልደን ሬሾ ፍለጋ ነው፤ ርዝመት ለስፋት ሲካፈል 1.618 ገደማ የሚመጣበት፣ ውብ ነው የሚባል ምጣኔ ማለት ነው። እንግዳው ገና ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ ሲቆም ስልኩን ያወጣል፣ ፎቶው ላይ በዚሁ ምጣኔ የተሳለ ጠመዝማዛ መስመር ይለጥፋል፣ «አየህ፣ 1.618!» ይለኛል። የቱ ጋ? ቤተ ጊዮርጊስ አራት ክንዱ እኩል የሆነ መስቀል ነው። ርዝመቱም ስፋቱም 12 ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል 1 ይመጣል። እሺ፣ ቤተ መድኃኔዓለምን እንሞክር፦ ርዝመቱ ወደ 34 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 24። 1.4 ገደማ ነው። መስመሩን እያሳደጉ እያሳነሱ እስኪገጥም መጎተት ከሆነማ የእኔም ግቢ በር ቅዱስ ነው። የሚደንቀው እኮ እዚያው ዓይናችሁ ሥር አለ። ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ፣ የተሳሳተ ምት በማይመለስበት ሥራ፣ የቤተ ጊዮርጊስ ክንዶች እኩል ወጡ። ጣሪያው ላይ መስቀል ውስጥ መስቀል፣ እሱም ውስጥ ሌላ መስቀል አለ።

ቤተ ማርያም መስኮት ላይ ክንዱ የታጠፈ መስቀል አይታችሁ «ናዚ» አትበሉ። ከሂትለር 700 ዓመት ገደማ ይቀድማል። ባለስድስት ጫፉ ኮከብም ያኔ የአይሁድ ብቻ ምልክት አልነበረም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይቀርጸው ነበር።

ቁጥር ወዳጆች ደግሞ አሉ። የቤተ ጊዮርጊስ የላይኞቹ 12 መስኮቶች የ12ቱ ሐዋርያት ምሳሌ ናቸው ይባላል። ደህና። የታችኞቹን 9 ድፍን መስኮቶች ግን ማን ቆጠራቸው? የሚመቸውን ብቻ መቁጠር ነውር ነው።

«የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፣ ክብ ደግሞ ዘላለም ነው» የሚለውም አለ። እነላሊበላ ላይ ክብ የት አያችሁ? ክቡ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። እሱም ቢሆን እምብርቱ ላይ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን ነው። ክብም ሆነ አራት ማዕዘን፣ ትርጉሙን የያዘው ክፍፍሉ ነው፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ምእመኑ እስከ የት እንደሚገባ፣ ካህኑ ከየት እንደሚያልፍ መርጌታውን ጠይቁ፤ አንድ ሰዓት ያጫውታችኋል።

ከአፋፍ ፎቶ አንስቶ መመለስም አይሆንም። ቤተ ጊዮርጊስ የተቀመጠበት ባለሦስት እርከን መሠረት በደንብ የሚታየው ታች ወርዳችሁ ነው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ምንጣፉ ቁንጫ አያጣውምና ወፍራም ካልሲ ያዙ።