የአያታችሁን ስም ህዝብ ቆጠራ ውስጥ አትፈልጉት

እዚህ አሜሪካ ጎረቤቶቻችን የቅድመ አያቶቻቸውን ስም ከነመንደሩ ከቆጠራ መዝገብ ሲያወጡ እያየን እኛም እንደዛ የምናገኝ ይመስለናል። የነሱ 72 ዓመት ሲሞላው ይከፈታል፣ የ1950ው በ2022 ተከፈተ (በፈረንጅ ነው)። የኛ ሀገር አቀፍ ቆጠራ ግን ሶስቴ ብቻ ነው የተካሄደው፣ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.፣ አራተኛው ሲራዘም ሲራዘም ቀረ። የሚታተመውም ድምር ነው እንጂ የሰው ስም የለበትም፣ ስለዚህ ዘመድ ልካችሁ ስታቲስቲክስ ቢሮ አታንከራትቱ፣ "ስም አወጣላችኋለሁ" ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ካለም እለፉት።

ሪፖርቱ የሚጠቅመው ለቦታ ነው። አባቴ "ወሎ፣ የጁ አውራጃ" ብሎኝ እኔ ባሁኑ ካርታ ላይ አውራጃ ስፈልግ ከረምኩ! ለካ ከ1976ቱ ወደ 1987ቱ ስትመጡ ክፍለ ሀገርና አውራጃ ቀርቶ ክልልና ዞን ሆኗል፣ የጁም ያለው ሰሜን ወሎ ዞን ነው። ወረዳው ከታወቀ ሰው የት እንደሚላክ ታወቀ።

ስም ያለው ቀበሌና ቤተክርስቲያን ጋ ነው። ግን ቀበሌና ገበሬ ማህበር ከ1967ቱ አዋጆች በፊት አልነበሩም፣ ወሳኝ ኩነት (ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት) ምዝገባም ባሁኑ መልኩ የጀመረው በ2008 ነው፣ ከዛ በፊት ለሞተ ሰው ብዙ አትጠብቁ። ቤተክርስቲያን ስትጠይቁ የክርስትና ስሙን ያዙ። የእህቴ ልጅ የአያታችንን የዓለም ስም ይዞ ሄዶ "የለም" ተባለ፣ አክስቴ በስልክ የክርስትና ስሙን ስትነግረን ነው የተገኘው፣ እሷም ስሙን ያስታወሰችው ሁለት ቡና ከተጠጣ በኋላ ነው ሃሃ። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአያት ስም ብቻ ይዞ መፈለግም አያዋጣም፣ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ካለ ዛሬውኑ ደውሉና ቅዱት።

ዕድሜ ላይ "በጣልያን ጊዜ ድክ ድክ ይል ነበር" ካሏችሁ ከ1928 እስከ 1933 ማለት ነው፣ ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ገደማ 7፣ ከዛ በኋላ 8 ጨምሩ። አሮጌ የግብር ደረሰኝ ካለም ፎቶ አስነሱት፣ ስምና ቦታ ሊኖርበት ይችላል። ሰርተፊኬት የሚያወጣላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ውክልናውን ከኤምባሲ ስትልኩ "ልደት፣ ጋብቻና ሞት ማስረጃ ማውጣት" ብላችሁ በግልጽ አስጽፉት፣ ዝም ብሎ "ጉዳዬን ይፈጽም" የሚል የኔ ወረቀት መስኮት ላይ ተመልሷል።