ቢርካው ጂላል ሳይጋመስ ለምን ይደርቃል?

ሶማሌ ክልል ውስጥ ቢርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ያለው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በደይር (በጥቅምትና በኅዳር) ዝናብ ጢም ብሎ የሞላው ጉድጓድ፣ በጂላል፣ ማለትም በደረቁ ወቅት፣ የካቲት ላይ ጀሪካን ሲወርድበት ወለሉን ይመታል። ብዙው ሰው «ተሰንጥቋል» ብሎ ሲሚንቶ ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ! ውሃው የሚሄደው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች?

ለመለየት አንድ ሳፋ ይበቃል። ውሃ ሞልታችሁ ከቢርካው አፍ አጠገብ፣ ፀሐይና ነፋሱን እኩል በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጡት። ፍየል እንዳይጠጣው ጠብቁ፤ አለበለዚያ ልፋታችሁ ከንቱ ነው። የሁለቱንም የውሃ ልክ ምልክት አድርጉና ለሁለት ቀን ማንም አይቅዳ።

ሳፋው እኩል ወይም በለጥ ብሎ ከቀነሰ

ጥፋቱ የትነት ነው። በቆላ በቀን 6 ሚሊ ሜትር መትነን ብርቅ አይደለም። ትንሽ ይመስላል፤ አፉ 10 በ5 ሜትር ለሆነ ቢርካ ግን 300 ሊትር ነው። በየቀኑ 15 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንም ሳይቀምሰው ይጠፋል ማለት ነው። መፍትሄው ጣሪያ ነው። ቆርቆሮ ካልተገኘ እንጨት ረብርቦ በሣር መክደን። ጥላው ውሃው አረንጓዴ እንዳይሆንም ይረዳል።

ቢርካው ከሳፋው በልጦ ከቀነሰ

አሁን ስንጥቅ ፈልጉ። ውሃው ፈጥኖ ሲወርድ ቆይቶ ቀስ የሚልበትን ከፍታ አስተውሉ፤ ቀዳዳው እዚያ አካባቢ ነው። ጨርሶ ካላቆመ ወለሉን ጠርጥሩ።

ላዩን በሲሚንቶ መለቅለቅ ለዓመትም አይዘልቅ። ስንጥቁን በመሮ ሰፋ አድርጋችሁ ፈልፍሉ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ አርጥቡት። አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር አቡክታችሁ ድፈኑ። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሳችሁ ለ7 ቀን ውሃ አጠጡት። ጥገና የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ለግድግዳ ውሃ ማፍሰስ ማንን ደስ ይለዋል? ባዶውን በፀሐይ የሚከርም ቢርካም መልሶ ይሰነጠቃል፤ ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ ተዉለት። አጠገቡ የበቀለ ዛፍ ካለ ሥሩንም እዩት።

ሞልቶ ሳለ ቶሎ ካለቀ

ሳፋውም ስንጥቁም ምንም ካላሳዩ በረጅም እንጨት ወለሉን ውጉ። ጭቃ ውስጥ ከሰመጠ፣ ሞላ ያላችሁት ግማሹ ደለል ነው። የጉ (የበልግ) ዝናብ ሳይመጣ አውጡት። ጎርፉ ከሚገባበት በፊት ደለሉን የምታስቀር ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩ፤ እሷንም ከየዝናቡ በኋላ ጥረጉ።