ልጁ ቬፕ (በባትሪ የሚሠራ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ጀምሯል? ከመቆጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

መጀመሪያ አጠያየቃችሁን አስተካክሉ። «ታጨሳለህ እንዴ?» ካላችሁት «አላጨስም» ይላችኋል፣ መዋሸቱም አይደለም። በሱ ቤት ማጨስ ማለት ሲጋራ ነው። ስለዚህ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቁ፦ «ቬፕ ሞክረህ ታውቃለህ? ጓደኞችህስ?» ከዚያ ዝም በሉ። ለእናት ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ልጁ የሚያወራው ያኔ ነው።

ቤተሰብ በተሰበሰበበት፣ እንግዳ ባለበት እንዳታነሱት። ድሬዳዋ ማታ ቀዝቀዝ ሲል ወንበር ደጅ ይወጣ የለ? እዚያ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፊት ለፊት ተፋጠው ሲጠየቁ ይዘጋሉ።

ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ነው፦ «እንፋሎት እኮ ነው አቦ!» እዚህ ጋ አትሳቁበት፣ አስረዱት። ፈሳሹ ውስጥ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫና ብዙውን ጊዜ ኒኮቲን አለ። ባትሪው አንዲት ቀጭን ሽቦ ያግላል፣ ሽቦዋ ፈሳሹን ወደ ጉም ትለውጠዋለች። ጉሙ የውሃ እንፋሎት አይደለም። ፈሳሹ ሲግል እንደ ፎርማልዴሃይድ ያለ ኬሚካል ይፈጠራል፣ ከሽቦዋም እንደ ኒኬል ያለ ብረት ሊቀላቀልበት ይችላል።

ኒኮቲኑ ላይ ግን ቆዩ፣ ልጁን የሚይዘው እሱ ነው። አዲሶቹ ቬፖች ላይ ያለው «የኒኮቲን ጨው» የሚባለው ለስላሳ የኒኮቲን ዓይነት ጉሮሮ አይቧጥጥም፣ ስለዚህ ልጁ ሳያስለው ብዙ ይስባል። የአውሮፓ ኅብረት የፈቀደው ጣሪያ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ነው፣ ገበያ ላይ ግን 50 የሚል የተጻፈባቸውም አሉ። ከአንድ ሲጋራ ሰውነት ውስጥ የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ሲጋራ ደግሞ ያልቃል፣ ይጣላል፣ በቃ። ቬፕ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሽንት ቤትም አልጋ ላይም ይሳባል፣ ልጁ ስንት እንደሳበ ራሱም አያውቀውም። አንጎል ደግሞ እስከ 25 ዓመት ገደማ እያደገ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ሱስ ቶሎ ይይዛል።

«ሲጋራ ይብሳል» ይላችኋል። አዎ በሉት! እውነት ነው፣ ሲጋራ የበለጠ መርዝ አለው። ግን እሱ ከሲጋራ ወደ ቬፕ አልመጣም፣ ከምንም ነው የመጣው። ቬፕ የሚስቡ ልጆች በኋላ ሲጋራ የመጀመር ዕድላቸው ከማይስቡት እንደሚበልጥ በተደጋጋሚ ታይቷል።

አታጋንኑ። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2020 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ በሳንባ ጉዳት 68 ሰው የሞተበትን ወሬ አንስቶ «አየህ፣ ቬፕ ይገድላል» ማለት ቀላል ነው። ልጁ ግን ስልኩን አውጥቶ ይፈልግና፣ ከጉዳቱ ጋር በዋናነት የተያያዘው የካናቢስ (ሐሺሽ) ንጥረ ነገር ባለበት ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት መሆኑን ያገኛል። ከዚያ በኋላ የምትሉትን ሁሉ አይሰማችሁም። እንደሱ ከማስፈራራት ይልቅ እዚሁ ያለውን ንገሩት፦ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ቬፕ ማስገባትም መሸጥም በአገራችን ክልክል ነው፣ ስለዚህ እጁ ላይ ያለው በኮንትሮባንድ የገባ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኒኮቲን የለውም» ቢልም ያረጋገጠለት የለም።

ይዞት ካገኛችሁ ጓዳ ውስጥ አትደብቁት። ፈሳሹን ትንሽ ልጅ ቢጠጣው ይመርዛል። ባትሪው ደግሞ ሊትየም ነው፣ በዚህ ሙቀት ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አይተውም፣ ከቆሻሻ ጋርም አይቃጠልም።

ለማቆም ከተስማማ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ይከብዳሉ። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ትምህርት አልገባ ይለዋል። ያን ጊዜ «ምን ሆነሃል?» እያላችሁ አትጨቅጭቁት። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይቀልለዋል። አምሮቱ ሲመጣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ስለዚህ ውሃ፣ ማስቲካ፣ ወጣ ብሎ መመለስ ይጠቅማል። እኛ ከተማ ትልቁ ፈተና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሱቁ ተዘግቶ በርጫው ሲደራ። ጫት ባለበት ጭስ ይፈለጋል። ልጁ እዚያ የሚቀመጥ ከሆነ ቬፑን ብቻ ነጥሎ ማስጣል በጣም ይከብዳል። ያንን ሰዓት የሚሞላ ነገር አብራችሁ ፈልጉ፣ ኳስም ይሁን ሥራ። አባት ቤት ውስጥ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ደጅ ይውጣ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ሲስብ ብታገኙት ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት እንደነበር ጠይቁት። የሚቀጥለው ሥራችሁ ያ ሰዓት ነው።

ደረቱን ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ሳሉ አልለቅ ካለው ግን ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ የሚቀርባችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ቬፕ እንደሚስብም ለሐኪሙ ይነገር። ልጁ እናንተ ፊት አላወራም ካለ ከክፍሉ ውጡለት።